በኤጊና ወደብ የሸራ ለውጥ

ከፒሬዎስ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ በመርከብ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ኤጊና የምትባለውን ደሴት ያገኛል። ደሴቲቱ በፒስታሽዮ ፍሬዋ የታወቀች ናት፤ ዮሐንስ ካፖዲስትሪያስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1828 ዓ.ም. የግሪክን መንግሥት ማስተዳደር የጀመረው በዚችው ደሴት ነው። በወደቧ አፍ የቅዱስ ኒቆላዎስ ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። የባሕረኞች ጠባቂ እርሱ ነውና ስፍራው የተገባ ነው።

በዚህ ወደብ ሳለሁ፥ ርዝመቷ 9 ሜትር በሆነች የሸራ ጀልባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው እንግዳ አድርገው ተቀበሉኝ። በበጋ ወራት በኤጌ ባሕር ላይ መልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሣል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ባሕሩን የሚያናውጥ ስለ ሆነ እንግዳን ሰው ያታልላል። አንድ ቀን ማታ፥ ለነገ መልተሚ እንደሚነሣ ተነገረ። ስለዚህ ሁለቱ ትልቁን የፊት ሸራ አውርደው ትንሹን ለመስቀል በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሡ።

ቀድሞ የፊት ሸራ የሚለወጠው ባሕረኛው በማዕበል መካከል ወደ ጀልባዋ አፍንጫ እየዳኸ ነበረ። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ጀልባዎች የሚጠቀለል ሸራ አላቸው። ይኸውም ከአፍንጫዋ ወደ ደቀሉ ራስ የተዘረጋው ሽቦ ቦይ ያለው የአሉሚኒዩም ሽፋን ይለብሳል፤ የሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ከግርጌው ያለው መዘውር በገመድ ሲሳብ ሽፋኑ ይዞራል፥ ሸራውም ፈትል በቀሰም ላይ እንደሚዳወር ይጠቀለላል። ሥራው ሁሉ ከኋላ ተቀምጦ የሚፈጸም ነው። ነገር ግን ትልቁ ሸራ ግማሹ ተጠቅልሎ ሲቀር ሆዱ እየተነፋ ቅርጹን ያጣል፤ ጀልባዋንም ወደ ጎን ያጋድላታል። ለመለወጥ ደግሞ አስቀድሞ ፈጽሞ መዘርጋት ያስፈልጋል። እንግዲህ ነፋስ ከመጣ በኋላ ልለውጥ የሚል ሰው ዘግይቷል።

ሽማግሌው ከደቀሉ ሥር ቆመው መስቀያውን ገመድ ለቀቁ፤ ወይዘሮዋ ከፊት ተንበርክከው የሚወርደውን ሸራ በጉልበታቸው ሥር እየሰበሰቡ ያዙ። የሸራው ራስ የሚያያዝበት ተሽከርካሪ ቀለበት አብሮ መውረድ አለበት፤ ከላይ ከቀረ ሰው ደቀሉ ላይ ሊወጣ ነው። ቀለበቱ በደኅና ወረደ። ትንሹን ሸራ አያይዘው፥ እሳቸው ሲስቡ ወይዘሮዋ ጠርዙን በቦዩ እያስገቡ፥ በሩብ ሰዓት ሰቀሉት። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበረ።

ወይዘሮዋ ግን ቀና ብለው አዩና «ቀለበቱ ዝቅ ብሏል፥ መቀጠያዋን ገመድ ረስተሃል» አሉ። ትንሹ ሸራ በቁመቱም አጭር ነው። ቀለበቱ ወደ ላይኛው ጫፍ ካልደረሰ መስቀያው ገመድ ከሽቦው ጋር ጎን ለጎን ይሆንና ሸራው ሲጠቀለል በሽቦው ላይ ይጠመጠማል፤ ያን ጊዜ ሸራው አይጠቀለልም፥ አይወርድምም። ይህ በነፋስ መካከል ቢሆን ምን እንደሚከተል ሽማግሌው ያውቃሉና አንድ ቃል አልመለሱም። እኔ ብሆን ጥቂት ሳልከራከር የምቀር አይመስለኝም። ሸራውን እንደ ገና አወረዱት፥ ክንድ ተኩል የምትሆን ገመድ በሸራው ራስና በቀለበቱ መካከል አሰሩ፥ ዳግመኛም ሰቀሉት።

ረፋድ ላይ ከወደቡ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ነፋሱ መጣ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ገመዱን ሳቡ፤ ሸራው እሩቡ ያህል ያለ ችግር ተጠቀለለ፥ ጀልባዋም ቀና አለች። ወይዘሮዋ ዳቦና የወይራ ፍሬ ይዘው ከውስጥ ወጡ።