በአዮዋ ሰንጋ የሚመራው ልጅ

በአሜሪካ አገር እምብርት የምትገኘው አዮዋ የበቆሎና የከብት ግዛት ናት። በነሐሴ ወር ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዴሞይን የደረሰ መንገደኛ፥ ሕዝቡ ወደ ከተማዋ ምሥራቅ ሲጎርፍ ያያል። የሚጎርፈውም ወደ ታላቁ የእርሻ ትርዒት ነው። ይህ ትርዒት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. ፌርፊልድ በምትባል ከተማ ተጀምሮ፥ ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ አሁን ባለበት ሜዳ ይደረጋል። በቅርብ ዓመታት በ11 ቀን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ጎብኝቶታል። ብዙው ጎብኚ ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ የትርዒቱ መታወቂያ የሆነችውን፥ ከቅቤ የምትሠራውን ላም ለማየት ይሰለፋል። እኛ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ እስትንፋስ ወዳላቸው ከብቶች በረት እንዝለቅ።

በዚያ 600 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሰንጋ፥ ቁመቱ ከከብቱ ጀርባ እምብዛም በማይበልጥ የ12 ዓመት ልጅ እየተመራ በሰው መካከል በጸጥታ ያልፋል። ነገሩ በጉልበት ቢሆን ልጁ አንዲት እርምጃ ባላስኬደው ነበር። ታዲያ ምሥጢሩ ምንድን ነው?

ምሥጢሩ የሚገኘው ከትርዒቱ ብዙ ወራት በፊት፥ በየገበሬው ቤት ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ «ፎር ኤች» የተባለው የወጣቶች ማኅበር አባሎች ናቸው፤ ስሙም ራስ፥ ልብ፥ እጅና ጤና ከሚሉት አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል የመጣ ነው። ጥጃው ጡት ከተወ በኋላ ልጁ ወዲያው ገመድ አያነሣም። መኖ እያቀረበ፥ በበረቱ ውስጥ ዝም ብሎ እየቆመ፥ ሽታውንና ድምፁን ያስለምደዋል። ቀጥሎ በብሩሽ ጀርባውን ያሻሸዋል። ከዚያ በኋላ አፍሳሩን ያጠልቅለትና ከጠንካራ ምሰሶ ላይ፥ ከጭንቅላቱ ትክክል፥ አሳጥሮ ያስረዋል፤ ገመዱ ከረዘመ እግሩን ጠልፎ ይጥለዋልና። ቋጠሮውም ባንድ ስበት የሚፈታ ነው። ጥጃው ይጎትታል፥ ይንደፋደፋል፤ ልጁ ግን ሳይጮኽና ሳይመታ ከአጠገቡ ይጠብቃል። ገመዱ ሲጎትቱት እንደሚወጠር፥ ሲጠጉት እንደሚላላ እንስሳው ራሱ ይማራል።

የመምራቱም ትምህርት ይኸው ነው። ልጁ በጥጃው ግራ ቆሞ ገመዱን ቀስ ብሎ ይስባል፤ ጥጃው አንድ እርምጃ በተራመደ ቅጽበት ያላላለታል። ማላላቱ ሽልማት ነው። ሳያላላ ዘወትር የሚስብ ሰው የሚያስተምረው እንቢተኝነትን ብቻ ነው። ብልሆቹም መጀመሪያ የሚመሩት ወደ ውሃና ወደ መኖ ነው፤ ጥጃው በፈቃዱ የሚሄድበት መንገድ ነውና። ያገራችን ገበሬ ወይፈኑን ከነባር በሬ ጋር ጠምዶ ቀንበር ያስለምደዋል፤ እዚያ ግን መምህሩ ልጁ ብቻ ነው።

በትርዒቱ ሜዳ ዳኛው የሰንጋውን አቋምና አረማመድ ይመረምራል። ለብቻው በሚደረግ ሌላ ውድድር ደግሞ የሚመዘነው የልጁ አያያዝ ነው። ልጁ ጫፉ ቆልመም ባለ ረጅም ዘንግ የከብቱን እግሮች ያስተካክላል፥ ሆዱንም እያከከ ያረጋጋዋል። ዘንጉ ለመምቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ የነገሩ መጨረሻ ቀላል አይደለም። ጊደሮቹ ለርቢ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሰንጋው ግን ለሥጋ የተቀለበ ስለ ሆነ መንገዱ ወደ ቄራ ነው። ልጁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ቢያውቅም፥ በመለያያው ሰዓት ፊቱን ከሰንጋው አንገት ላይ ደፍቶ የሚያለቅስ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

አንዳንዱ ተመልካች ይህን ጭካኔ ይለዋል። ነገር ግን ሥጋውን በወረቀት ተጠቅልሎ የሚገዛው ከተሜ የማያየውን ዋጋ ያ ልጅ አይቶታል፤ ለእንስሳውም በሕይወት ሳለ የሚገባውን ርኅራኄ አልነፈገውም። ብርዱ ሲመለስ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ሌላ ጥጃ ይቀበላሉ፤ ትዕግሥቱም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።