ይድረስ ሎግያ ለምትወርደው ልጄ

ልጄ፣ ፊት ለፊት ልነግርህ ሁለት ማታ ሞክሬ እናትህ ባለችበት አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ጽፌ ሻንጣህ ውስጥ ከተትኩት። እግዚአብሔር ከፊትህ ይቅደም።

ሸሪክህ እኛ ቤት ቡና ሲጠጣ ሎግያ ስለምትከፍቱት ጋራዥ የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣም። «ዙሪያውን ዘግተን ኤሲ እንገጥማለን» አለ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ መኪና ግን አያውቅም። ያሳየኝ ጋራዥ 12 በ20 ነው፣ 240 ካሬ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። አንድ 24,000 ቢቲዩ ኤሲ ኮርኒስ ያለው ክፍል እንኳ ቢሆን ከ40 ካሬ ብዙም አያልፍም። ሰባት እንኳ ብትገዙ፣ አንድ ሲኖትራክ ሊገባ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ጥሎ ይወጣል። የገንዘቡስ ይሁን፣ ገንዘብ ይመጣል። የሚያስፈራኝ የተዘጋው በር ነው።

የገደብን ብርድ ታውቀዋለህ። ኅዳር ላይ፣ የቡና ጭነት ሲያጣድፈን፣ ሌሊት እንሠራ ነበር። በሩን ዘግቼ ከሰል አስገባሁና የኢሱዙውን ሞተር እንዳስነሣሁ እራት ልበላ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ረዳቴ መኪናው ሥር ተዘርግቷል። የተኛ መስሎኝ እግሩን በእግሬ ነካ አደረግሁት። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ እንኳ አልነበረውም። ጎትቼ ሳወጣው የ13 ቁልፉ ከእጁ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ይቀሰቅሰኛል። ተርፏል፣ ጌታ ይመስገን። በሳምንቱ እናቱ መጥታ ወሰደችው። ለእናንተ «ሥራ ጠልቶ ሄደ» ያልኳችሁ እኔ ነኝ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ሎግያ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ ሰው ኤሲ ብሎ ይዘጋል፣ እኛ እዚህ ብርድ ብለን እንዘጋለን። ሞተሩ ሁለታችንንም አይለይም።

ኤሲውን ለቢሮው ብቻ ግጠሙ። ጋራዡ ትይዩ በር ይኑረው፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ክፍት ይተው። የአፋር አየር ደረቅ ስለሆነ በውሃ የሚሠራው ትልቅ ማራገቢያ ያግዛል፤ እሱም ቢሆን በር ሲከፈት ነው የሚሠራው። ሞተር ስታስነሣ ማርሚታው ላይ ቱቦ ሰክተህ ጭሱን ወደ ውጭ አውጣ። ከባዱን ሥራ ንጋት ላይ ጨርስ። ሌላውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፣ እጅህ ከእጄ ይሻላል፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም። እጅህ ይባረክ።

እናትህ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላልሃለች፤ ሙቀቱ ሳያበላሸው ብላ። ረዳት ስትቀጥር እናቱ ማን እንደሆነች ጠይቅ። አምላክ በሄድክበት ይጠብቅህ፣ በሰላም ይመልስህ።

ስትደርስ ደውል። መጀመሪያ የምጠይቅህ ስለ በሮቹ ነው።

አባትህ፣ ከገደብ