ስሙ የተፋቀ ድስት

የመጨረሻዋ ልጄ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ታጠናለች። የመመረቂያ ሥራዋ የእንሰት ቅጠል ፎቶ አይቶ የአጠውልግ በሽታን ምልክት የሚለይ ፕሮግራም ነው። ጓሮው እንሰት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ በሽታ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፣ ተክሉን ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው።

ማስረከቢያው ሲቃረብ ፕሮግራሙ ገና ፎቶ ሲሰጡት እየተዘጋ አስቸገራት። እንቅልፍ አጣች። አንድ ማታ «እማዬ፣ ጓደኞቼ ከፍለው እያሠሩ ነው፤ እኔም ላሠራ» አለችኝ። የደነገጥኩት ለገንዘቡ አይደለም።

«ቁጭ በይና በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ» አልኳት።

ፎቶ የማንበቡን ሥራ ፕሮግራሟ ራሱ አይሠራውም፤ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙበት ላይብረሪ ይዋሳል። የእድር ድስት በሉት። ትልቅ ድስት በየቤቱ አይገዛም፤ ድግስ ወይ ለቅሶ ሲመጣ ከእድር ይወጣል። ኮምፓይለር ደግሞ ሰው የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው ቁጥር ይለውጣል። የመስመር ቁጥሮቹን አብሮ እንዲይዝ ካልታዘዘ ይተዋቸዋል። የእሷ ላይብረሪ ፋይሉ እንዲያንስ ስሞቹ ተገፈው የተጫነ ነው። ስለዚህ ስህተት መፈለጊያው፣ ጂዲቢ ይሉታል፣ የት እንደወደቀ ሲጠየቅ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። በእድር ድስት ሥር በቀለም የተጻፈው ምልክት ሲፋቅ እንደማለት ነው፤ ድስቱ ያበስላል፣ ሲቀደድ ግን ማን ቤት እንደነበር አይታወቅም።

«ታዲያ ስሙን ይዞ እንደገና አትሠሪውም?»

«ሠራሁት እኮ! መብራት እየሄደ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አሁንም የጥያቄ ምልክት ነው።»

«አሮጌውን ድስት ከዕቃ ቤት አውጥተሻል?»

ዝም አለች። ከዚያ ኤልዲዲ የሚባል ትእዛዝ ጻፈች፤ ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ከየት እንደሚያነሳ ያሳያል። አሮጌው ሌላ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙም የሚያነሳው እሱን ነው። መንገዱን ወደ አዲሱ ስታዞረው የጥያቄ ምልክቶቹ ስም ሆኑ። ከመካከላቸው የራሷ ፋይል ወጣ፣ መስመር 214፤ ተጠቅማ የለቀቀችውን የፎቶ ማስቀመጫ እዚያ ላይ መልሳ ጠርታዋለች።

ስሞቹን በሌላ ፋይል ለይቶ ማስቀመጥም ይቻላል አለችኝ፤ ላይብረሪውም ቀላል ይሆናል፣ ስሙም አይጠፋም። ይህን ልማድ የእድራችን ጸሐፊ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር፤ እሳቸው ከድስቱ ሥር የጻፉትን በመዝገብም ይይዙታል።

አሁን የጎደላት የታመመ ቅጠል ፎቶ ነው። ቅዳሜ አረካ፣ ታላቅ እህቴ ጓሮ እንሄዳለን።