የቸኮሌት ጭኮ

ያኔ ኬክ ማለት ፒያሳ ነበር። እኛ የአሰላ ልጆች ከፒያሳ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ዘመድ መቼ ይመጣ ይሆን እያልን በር በሩን እናይ ነበር። ዘመድ መጣ ማለት የፒያሳው ኬክ ቤት የኤንሪኮ ኬክ መጣ ማለት ሊሆን ይችላላ! በካርቶን ታሽጎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በአውቶቡስ ተንገጫግጮ ናዝሬትን አልፎ፣ ክሬሙ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ይደርስልናል። ክዳኑን የመላስ መብት የታናሽ ነው፤ ታናሿ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ወይ ጊዜ! ከዚያ የካርቶን ክዳን የሚበልጥ ጣፋጭ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤታችን ኦቨን የለም። በሰፈሩም ኦቨን ያለው ቤት አላውቅም። የሚጋገር ነገር ቢኖር ድፎ ዳቦ ነው፤ እሱም በዓል ሲመጣ፣ ኮባ ተነጥፎለት፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኮታ የሚታደልበት ዘመን ስለነበረ ለሻይ ከተረፈ ተመስገን ነው። ብስኩት ግን አላጣንም። ጋሌጣዋን ሻይ ውስጥ ነክረን፣ ተቆርጣ ሳትወድቅ አፋችን ለማድረስ እንሽቀዳደማለን። ትንሽ ቆይቶ ከየመን የሚመጣው አቡወለድ ሱቁን ሞላው። ሁለቱን ብስኩት ጠምዘዝ አድርጎ መለየት፣ የመሐሉን ክሬም በጥርስ መፋቅ፣ ከዚያ ደረቁን ቀስ ብሎ መብላት! ይህን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ አሁን ፈገግ እንዳለ አልጠራጠርም። ቸኮሌትማ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር። አንዷ ቁራጭ ለሰፈር ልጅ ሁሉ ትዳረሳለች፤ ወረቀቷ ደግሞ ደብተር መሐል ገብታ ዓመቱን ሙሉ ትሸተታለች።

ከሁሉም በላይ ግን ጭኮ ነበረን።

ጭኮ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የአርሲ ቤት ኩራት ነው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይፈጫል። ገብሱ ሲታመስ ሽታው ከጓዳ አልፎ መንገድ ይወጣና ከትምህርት ቤት ስንመለስ ገና ከሩቅ ይቀበለናል፤ ያኔ ሩጫ ነው! እናቴ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ የገባበትን ንጥር ቅቤ ለብ አድርጋ ገበቴው ውስጥ ባለው በሶ ላይ ታፈስሳለች። ከዚያ ማሸት ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ ይበታተናል፤ ቅቤው እየዘለቀው ሲሄድ ይያያዛል፤ በመጨረሻ የጣቷን አሻራ እስኪይዝ ድረስ ይለሰልሳል። እጇ በቅቤ ያብረቀርቃል። እኛ ዙሪያዋን ከበን ጣታችንን ወደ ገበቴው እንሰዳለን፤ እሷ ደግሞ በክርኗ ትከላከላለች። ተጠፍጥፎ ሳህን ላይ ይሆንና ጓዳ ያድራል። ከጭላሎ የሚወርደውን የአሰላን የሌሊት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፍሪጅ ማን አለው፣ ማንስ ፈለገው! ጠዋት ጭኮው ጠጥሮ ይገኛል፤ በቢላ ተቆርጦ ለእንግዳ ይቀርባል፣ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፣ አፍ ሲገባ ደግሞ ይቀልጣል።

ዘመን ተሻገረና ለንደን ገባሁ፤ ምሥራቁ ክፍል። የተከራየሁት ክፍል ሁለት ዓይን ያላት የኤሌክትሪክ ምድጃ እንጂ ኦቨን አልነበረውም። ከታች የሚኖሩ አንዲት ስኮትላንዳዊት ባልቴት ነበሩ፤ የግቢው ልጅ ሁሉ አያቴ እያለ ይጠራቸዋል። የፈረንጅ ገና ሰሞን በሳህን የተቆራረጠ ነገር ይዘው መጡ፤ ከላይ የሚያብለጨልጭ ቸኮሌት፣ ከሥር ብስኩትና ዘቢብ። ቲፊን ይሉታል። በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በትሩን ከተማ እንደተጀመረ ይነገርለታል። በምን ኦቨን ጋገሩት ብላቸው ሳቁ። አይጋገርም! ድስትና ማማሰያ ይበቃዋል፤ ሌላውን ፍሪጅ ይጨርሰዋል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ያን ዕለት እኔም የኬክ ባለቤት መሆን እንደምችል ገባኝ።

አሠራሩን በዚያው ሰሞን ድስታቸው አጠገብ ቆሜ ተማርኩ። 125 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጎልደን ሲረፕ (ማር የሚመስል ወፍራም የስኳር ሽሮፕ)፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ድስት ውስጥ ይገባና በዝግታ እሳት ይቀልጣል፤ እንዲፈላ አይፈለግም። 250 ግራም ዳይጀስቲቭ ብስኩት ፌስታል ውስጥ ይከተትና በዳቦ መዳመጫ ወይም በጠርሙስ ይደቃል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገሚሱ ዱቄት፣ ገሚሱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ሆኖ ይቅር። ዱቄቱ ቅቤውን ይጠጣል፣ ቁራጩ ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ አንዱ ከጎደለ ጣዕሙ ይጎድላል። መቶ ግራም ዘቢብ ተጨምሮ ሁሉም ይማሰልና ወረቀት በተነጠፈበት ሃያ በሃያ ሴንቲ ሜትር ትሪ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ ተደርጎ ይጠፈጠፋል። 200 ግራም ቸኮሌት በሙቅ ውሃ እንፋሎት ላይ ቀልጦ ከላይ ይፈስሳል። የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ አንዲት የውሃ ጠብታ እንዳትገባ፤ ወዲያው ይጓጉላል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ ለንደን የመጣች ጊዜ ታዲያ ትሪ ሙሉ ሠርቼ ጠበቅኋት።

«እማዬ፣ እስቲ ይቺን ቅመሺ» አልኳት።

ቁራጯን አገላብጣ አየቻት። ጎኗን አየች፤ ብስኩቱ የታየበትን፣ ቅባቱ ያያያዘውን። ጥግ ጥጓን ነከሰች፣ ዝም ብላ አጣጣመች፣ ከዚያ ዓይኗ በራ።

«ልጄ፣ ይኼ ጭኮ ነው እኮ! ገብሱን በብስኩት ለውጠውት ነው እንጂ!»

እውነቷን ነው! እኔ ስንት ጊዜ ሠርቼው ያላየሁትን እሷ በአንድ ጉርሻ አየችው። ብስኩትም ጭኮም እሳት አስቀድሞ የጎበኘው እህል ነው፤ ብስኩቱ በፋብሪካ፣ ገብሱ በምጣድ። ሁለቱንም የሚያያይዛቸው ሲሞቅ የሚፈስስ፣ ሲበርድ የሚጠጥር ቅባት ነው። ቅቤም የካካዎ ቅባትም 32 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣሉ፤ አፋችን 37 ዲግሪ ነው። አፍ ሲገቡ ቀልጠው የሚጠፉት ለዚህ ነው። ጭላሎ የሠራውን ሥራ ለንደን ላይ ፍሪጅ ሠራው፤ ሌላ ልዩነት የለም።

«ታዲያ ኮረሪማውን ምነው ረሱት?» አለችኝ ቀጥላ። ከሻንጣዋ ቋጠሮ አወጣች። ፈልፍላ፣ ወቅጣ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆን በሚቀጥለው ትሪ ላይ ጨመርን። አንባቢ ሆይ፣ ቸኮሌትና ኮረሪማ አብረው የተፈጠሩ ናቸው! ከዚያ ወዲህ ያለ ኮረሪማ ሠርቼ አላውቅም፤ ወደፊትም አልሠራም።

በዚያው ጉብኝት ሌላም ደስታ ነበረን። የሲረፑን አረንጓዴና ወርቃማ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አይታ አነሳችው። ሥዕሉ የተኛ አንበሳ ነው፤ ዙሪያውን ንቦች ይበርራሉ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አላስፈለጋትም። «ሶምሶን!» አለች። በእርግጥም የመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ታሪክ ነው፤ ሶምሶን የገደለው አንበሳ፣ በድኑ ውስጥ ንቦች ሰፍረው ማር የተገኘበት። ሲረፑን ለገበያ ያቀረበው አብራም ላይል የተባለው ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ሃይማኖተኛ ሰው ስለነበረ ይህን ምልክት መረጠ። ፋብሪካው ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ፣ ቴምዝ ዳር ሲልቨርታውን ነው! ሕንፃው ላይ ግዙፍ የሲረፕ ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ በባቡር ሲያልፉ ይታያል። ወስጄ አሳየኋት። ቆርቆሮው ከ1880ዎቹ ጀምሮ መልኩን ባለመቀየሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ጊነስ በዓለም ረጅሙን ዕድሜ ያስቆጠረ የምርት መለያ ብሎ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሌሎቹ ማሸጊያዎች ላይ አዲስ የአንበሳ ፊት መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ ግን የሶምሶን አንበሳ ዛሬም እንደተኛ ነው። እኔ ምንጊዜም የምገዛው ቆርቆሮውን ነው።

ይህ ያልተጋገረ ኬክ የድሃ ክፍል መጽናኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የሚወዱት የሻይ ሰዓት ኬክ የቸኮሌትና የብስኩት ኬክ እንደነበረ የቀድሞ አብሳያቸው በተደጋጋሚ ተናግሯል። የልጅ ልጃቸው ልዑል ዊልያም እ.ኤ.አ. አፕሪል 29 ቀን 2011 ሲያገቡ ከዋናው ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ ሌላ የራሳቸውን አዘዙ፤ በቤተሰቡ አሠራር የብስኩት ኩባንያው ማክቪቲስ ሠራው። 1,700 ሪች ቲ ብስኩትና 17 ኪሎ ቸኮሌት ገባበት ተብሎ በጋዜጣ ሲወጣ እኔ ከደስታ ብዛት ጋዜጣውን ቆርጬ ፍሪጅ በር ላይ ለጠፍኩት። የእኔ ትሪ ቤተ መንግሥት ገባች! ዳይጀስቲቭን እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የሚጋግረው ይኸው ማክቪቲስ ነው፤ ሃርለስደን ባለው ፋብሪካው አጠገብ ነፋስ ሲነፍስ ብስኩቱ ይሸታል፤ እዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምጣድ ላይ የሚታመስ ገብስ ትዝ ይለኛል።

አሁንማ ምኑ ቅጡ! ቤቴ ኦቨን አለ፤ ልጆቼ ግን የሚለምኑኝ ያልተጋገረውን ነው። ያኔ ደብተር መሐል የተደበቀችው የቸኮሌት ወረቀት ዛሬ ኩሽናዬ ወለል ላይ ወድቃ አነሳታለሁ፤ ሳላሸታት ግን አልጥላትም። ጾም ሲገባ ትሪው አይቋረጥም። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤውን በኮኮናት ዘይት ወይም ወተት በሌለበት ማርጋሪን እተካዋለሁ፣ ቸኮሌቱ ጥቁሩ ይሆናል፣ የብስኩቱን ፓኬት ወተት አለመኖሩን አንብቤ እገዛለሁ። የኮኮናት ዘይት ቶሎ ስለሚቀልጥ እስከ ማዕድ ሰዓት ከፍሪጅ አይወጣም። አንዳንዶች ውስጡ ማርሽሜሎ ይከታሉ፤ እዚህ አገር ብዙው ማርሽሜሎ ከአሳማ ጀላቲን ስለሚሠራ እኛ ጋ አይገባም፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለምናደርስ ሁላችንም ሳንጠያየቅ እንበላለን። በእሱ ፋንታ ለውዝ ቆልቼ እጨምራለሁ። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ስትጨምሩበትማ! ቆሎው ጥርስ ሥር ሲፈነዳ፣ ኮረሪማው ሲከተል፣ ቸኮሌቱ ሲቀልጥ፤ ይህን የቀመሰ የአርሲ ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበልኝ።

ቸኮሌት ተወድዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ፤ ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያመርቱት አይቮሪ ኮስትና ጋና ምርታቸው ስለቀነሰ ነበር። ስለዚህ የላዩን ቸኮሌት ሳሳ አድርጌ እቀባለሁ፤ ብስኩቱ በረከት አለው፣ ትሪው አይጎድልም።

የወንድሜ ልጅ አሰላ ሆና ትሠራዋለች። ፎቶውን በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ ጓዳው ያው የእናቴ ጓዳ ነው። ሲረፕ እዚያ ስለማይገኝ በማር ትተካዋለች፤ ማሩ ከሲረፑ ለስለስ ስለሚያደርገው ማንኪያዋን ትቀንሳለች። «አክስቴ፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል እኮ! በከሰል አቀልጠዋለሁ፣ ማታ ጓዳ አሳድረዋለሁ» ትለኛለች። ጭላሎ አሁንም ሥራውን አልተወም ማለት ነው! በልደቷ ቀን ትምህርት ቤት ወስዳ ለጓደኞቿ አካፈለች፤ እንደ እኛ ከአዲስ አበባ የኬክ ካርቶን የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ኦቨን የለንም ብላችሁ የልጅ ልደት በባዶ ሻይ አታሳልፉ። ሲቆረጥ እንዳይሰነጣጠቅ ትሪውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት አቆዩት፤ ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ቁረጡ። ኮረሪማዋን አትርሱ። ብስኩቱን ደግሞ ልጆቹ ይስበሩት።