የማለዳ ሕመም በማለዳ አይወለድም

በክብረ በዓል ሰሞን ከገዳማችን ቅጥር ውጪ ከሚያድሩት የተሳላሚዎች መኪኖች ጥቂቶቹ በማለዳ አልነሳ ማለታቸው የተለመደ ሆኗል። ከእኛ ከነዋሪዎቹ መካከል አንዳንዶቻችን ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ከጅዳ በስተሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር በምትገኘው በኦብሑር፣ የቤት ሾፌሮች ነበርን። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ጸሎታችንን በየክፍላችን አድርሰን፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ መኪናው እንወርድ ነበር። በዚያ የቀሰምነውን ለተሳላሚዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ብዙ ሰው ባትሪን የሚገድለው ብርድ ብቻ ይመስለዋል። በኦብሑር ግን ገዳዩ ሙቀት ነው። ሰኔ 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በጅዳ የአየሩ ሙቀት 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፤ ከመኪናው ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ሙቀት የባትሪውን ውኃ ያተናል፣ በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎችም ያስረጃል። የባሕሩ ጨውና እርጥበት በበኩላቸው ገመዶቹ ከባትሪው ጋር የሚታሰሩበትን ቦታ ያዝጉታል። ይሁን እንጂ ባትሪው ጉዳቱን ወዲያው አይናገርም። በሙቀት ጊዜ የሞተሩ ዘይት ቀጭን ስለሆነ ሞተሩ በጥቂት ኃይል ይዞራል። ቅዝቃዜ መጥቶ ዘይቱ ሲወፍር፣ የባትሪውም ኃይል ሲቀንስ፣ ተሸፍኖ የቆየው ድካም ይገለጣል።

በደጋው አገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ በማጋል ነዳጁን ያቀጣጥላል እንጂ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይለኩስም። እንደ ላሊበላ ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ስለዚህ የአንዱ መኪና ሕመም የሌላው አይደለም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በጆሮ የሚጠየቅ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ቢዞርና መብራቱ ቢፈዝ፣ ባትሪውን ወይም የዛገውን ማሰሪያ እንጠርጥር። መብራቱ ሳይፈዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢል፣ ነገሩ ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል። በኃይል እየዞረ ባይነሳ ግን ባትሪውን አንውቀሰው፤ የጎደለው ነዳጅ ወይም እሳት ነው። የናፍጣ መኪና ሲሞከር ነጭ ጭስ ቢያወጣ፣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልተቀጣጠለም ማለት ነው፤ ሲሊንደሩን አስቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ ይታይ። በእጅ ፓምፕ ካልተገፋ የማይነሳ ከሆነም ሌሊት በነዳጁ መስመር አየር ገብቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ በቮልት መለኪያ ይጠየቃል። ደኅና ባትሪ አድሮ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ብቻ ካሳየ ባዶ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሞተሩ ተነሥቶ ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞው አይሞላም፤ እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ቢታሰርም እንደ አሮጌው ይደክማል።

የገዳሙ ፒክአፕ በአንድ ወቅት በየማለዳው ያስቸግር ነበር። በዚያን ሰሞን ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ እስከ መንገዱ ተወስዳ፣ በሌላ ሰው መኪና ወደ ሐኪም ቤት ደረሰች። አዲስ ባትሪ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ገንዘቡ ከአረጋውያን መነኮሳት ቀለብ የሚቀነስ ነበር። መሪ ጨብጠው የማያውቁ አንድ አባት ግን፣ «ልጆቼ፣ ማታ ስታቆሙት ደኅና ነበር ወይ?» አሉ።

«አዎን፣ አባታችን።»

«ታዲያ ሌሊቱን ምን ሲሠራ አደረ?»

በዚያች ሌሊት በጨለማ ወጥተን ብናይ፣ በደንብ ባልገጠመ በር ምክንያት የውስጡ አምፖል በርቶ ነበር። የበሩ መዝጊያ ተስተካከለ፣ ባትሪው ተሞላ፣ ቀለቡም አልተነካም። ንስሐ አባት የልጁን ሕመም ከሥሩ ሳይጠይቅ ቀኖና እንደማይሰጥ፣ መኪናም ሳይጠየቅ ዕቃ ሊገዛለት አይገባም።

ለመጪው በዓል የምትመጡ ተሳላሚዎች፣ ማታ መብራቱንና በሮቹን መርምራችሁ እደሩ። በማለዳ ካስቸገራችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ በጧፍ ወይም በሻማ አትመልከቱ፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል፤ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ያልተነሣን መኪና ቁልቁል ለቃችሁ ለማስነሣትም አትሞክሩ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፣ የገዳማችን መንገድም በገደል አፋፍ የሚያልፍ ነው። ቆም ብሎ መጠየቅ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና፤ በሰላም ያመላልሳችሁ።