ያልተቃናው ክር



በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ውስጥ ያለን ጥቂት እህቶች ለልጆች የጨርቅ አሻንጉሊት እንሠራለን። ገላዋን ከቡናማ ጨርቅ ቆርጠን እንሰፋለን፣ ጥጥ እንሞላለን፣ ዓይንና አፏን በክር እንጠልፋለን። ይህ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው ፀጉሯ ነው።

ዞማ ፀጉር ቀላል ነው። አዲስ የሹራብ ክር ካርቶን ላይ ደጋግሞ መጠቅለል፣ በአንድ በኩል መቁረጥ፣ ከዚያ መሃሉን ከጭንቅላቷ ጋር መስፋት ይበቃል። የተሰፋበት መስመር ፀጉሯ ለሁለት የተከፈለበት ይመስላል። ልጆቻችን የራሳቸውን የመሰለ ከርዳዳ ፀጉር ሲፈልጉ ግን አዲስ ክር አይሆንም፤ ቀጥ ያለ ነውና። ክር እንዲከረደድ መጀመሪያ ሹራብ ሆኖ መሠራት፣ ቀጥሎም መተርተር አለበት።

ስለዚህ አሮጌ ሹራብ እንፈልጋለን። ጎኑ በማሽን ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ሲተረተር አጫጭር ቁርጥራጭ ብቻ ይወጣዋል። በእጅ የተሠራ ከሆነ ግን ስፌቱን ፈትተን፣ መጨረሻ ከተሠራበት ጫፍ ጀምረን ወደ ኋላ ስንስበው ረጅም ክር ይሰጠናል። የሚወጣው ክር እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ የነበረበትን አይረሳም። እንደገና ሹራብ ሊሠራበት የሚፈልግ ሰው ክሩን አጥቦ፣ ከባድ ነገር አንጠልጥሎበት ያቃናዋል። እኛ አናቃናውም። የምንፈልገው ያንኑ መጠማዘዙን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ቡናማ የወንድ ሹራብ በፌስታል ይዛ መጣች። ባለቤቷ ወደ ጌታ ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ሹራቡን የሠራችለት እናቱ ነበረች። «እትዬ፣ ሌላውን ልብሱን ሁሉ ለሰው ሰጥቻለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። ለልጄ የሚሆን ነገር ይወጣው እንደሆነ እዪልኝ» አለችኝ። ልጃቸው የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

በእነዚያ ወራት ይህችን እህት ያላጽናናት ሰው አልነበረም። የብዙው ሰው ማጽናኛ ግን «ቶሎ ቀና በይ» የሚል ነበር። እሱ ያለው በተሻለ ቦታ ነው፣ ለምን ታለቅሻለሽ? አማኝ አይደለሽም ወይ? ይሏታል። እሷም እሑድ እሑድ ፈገግ ማለት ለመደች፤ ቤቷ ስትገባ በሩን ዘግታ ታለቅሳለች።

ሹራቡን አብረን ተረተርነው። እሷ ትስባለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ክርኑ ጋ ስንደርስ ሳስቶ ስለነበር ክሩ ይበጠስ ጀመር። እጇ ቆመ። «መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ ጠረጴዛው ላይ የሚደገፈው በዚህ ነበር» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች። በክፍሉ ውስጥ የነበርን እህቶች አንዳችንም ዝም በይ አላልናትም። እንባዋን ስትጨርስ የተበጣጠሱትን አጫጭር ክሮች ሰብስበን ለግንባሯ ፀጉር አደረግናቸው።

ሌላውን በጣት ርዝመት እየቆረጥን፣ በወፍራም መርፌ ጭንቅላቷ ላይ እያስገባን፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርነው። አንዴ ብቻ የተቋጠረ ክር ልጅ ስትጎትተው ይወልቃል። ሁለት ምሽት ፈጀብን። ሹራቡን አላጠብነውም ነበርና ልጅቷ አሻንጉሊቷን ስትቀበል ፀጉሯን አሸተተች። «የአባዬ ሹራብ ነው» አለች። እናቷም ደረቷ ላይ አቅፋት፣ «አዎ፣ የአባዬ ነው» አለቻት።

ወገኖቼ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን ከዚያ ወዲህ ሳነብ ደጋግሜ የምቆምበት አንድ ነገር አለ። ጌታችን ሞትን ድል ነሥቶ ተነሥቷል። ሥጋው ከብሯል፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ መጥቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ቆሟል። ነገር ግን እጁንና ጎኑን ሲያሳያቸው ምልክቱ እዚያው ነበር። ቶማስንም ጣቱን ወደዚያው እንዲያመጣ ጋበዘው። ከሙታን ያስነሣው አምላክ የችንካሩን ምልክት ማጥፋት አቅቶት ነው? አይደለም። ትንሣኤው እውነተኛ ነው፤ ምልክቱም አልተደበቀም። ቶማስ ጌታዬና አምላኬ ብሎ የመሰከረው ያ ምልክት በቀረበለት ጊዜ ነው።

ይኸው ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሆኖ ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን ራሱን አይደለም (1ተሰ. 4፥13)። ስለዚህ እንባ የእምነት ጉድለት ነው ብለን ኀዘንተኛውን ለማቃናት አንቸኩል። መጽሐፍ ቅዱስ ያላለውን ሸክም በተሰበረ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን ይሆንብናል።

እናንተ ሕይወታችሁ የተተረተረባችሁ፣ እግዚአብሔር የሚቀበላችሁ እንደ አዲስ ክር ቀጥ ስትሉ ብቻ አይደለም። እንደተጠማዘዛችሁ በእጁ ውስጥ ናችሁ። በመከራ የተቀበላችሁትን መጽናናት ለሌላው እንድታካፍሉ ያደርጋችኋል (2ቆሮ. 1፥4)። ያቺ እህት ዛሬ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ትጎበኛለች። ብዙ አትናገርም። አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ሲያለቅሱም ቀና በሉ አትላቸውም።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ አንባቢዎችም ብትኖሩ፣ የምንጠራችሁ ቁስላችሁን ደብቁ ወደሚል አምላክ አይደለም። የራሱን ቁስል ወዳሳየው፣ ስለ ኃጢአታችን ሞቶ ወደ ተነሣው ወደ ኢየሱስ ነው። እንዳላችሁ ኑ።

ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን ያዘኑትን አጽናና። እኛንም ከሚያለቅሱት ጋር ለማልቀስ የሚታገሥ ልብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።