የእናታችን ቤት ለገዢ ሲታይ

በመርካዝ ክሊታ ለምትኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ስለ ቤት መሸጥ መጻፋችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ገና ያልገዛችሁትን ቤት እንዴት ትሸጣላችሁ? ነገር ግን ነገ ቤት ፍለጋ ስትወጡ የምታዩት ቤት ሁሉ ባለቤቱ ለዓይናችሁ ብሎ ያሰናዳው ቤት ነው። ስለዚህ እኛ በሻጭ በኩል ቆመን ያየነውን ብናጫውታችሁ ይጠቅማችኋል ብለን አሰብን።

እናታችን የምትኖረው በጋኔይ ቲክቫ፣ ከፔታሕ ቲክቫ በስተ ደቡብ ባለችው ከተማ፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ወላጆቻችን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጥተው፣ ካራቫን ውስጥ ጥቂት ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1996 በማሽካንታ የገዙት ቤት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው)። አባታችን ካረፈ ወዲህ የእናታችን ጉልበት ደረጃውን እምቢ አለ። ከሱቅ ስትመለስ ዘንቢሏን በየፎቁ እያስቀመጠች ስታርፍ ጎረቤቶች ያዩአታል። እኛ ልጆቿ ተሰብስበን መከርንና ቤቱ ተሽጦ እዚያው ፔታሕ ቲክቫ፣ ከአንዳችን አጠገብ፣ ደረጃ የሌለው ቤት እንዲገዛላት ተስማማን።

ደላላ ጠራን፤ በዚህ አገር ሜታቬኽ ይሉታል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሎቹን ዞረና ትእዛዙን ደረደረ። ግድግዳው ይቀባ፤ የተሰበረው ትሪስ ይጠገን፤ ከዕቃው ግማሹ ይውጣ፤ ጠንካራ አምፖል ይግባ። ይህን ሁሉ ያለ ክርክር ተቀበልን። ቀጥሎ ግን ወደ ሳሎን ተመልሶ መሶቡን፣ የቡናውን ረከቦትና በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአያታችንን ፎቶግራፍ በጣቱ አሳየን። አያታችን ቄስ ነበሩ፤ በፎቶው ላይ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ቆመዋል። «እነዚህም ይነሡ፤ ገዢ በሚመጣበት ቀንም ወጥ አይሠራ። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ የራሱን ኑሮ እንዲያይ ነው፤ የእናንተን ካየ እንግዳ ነኝ ይላል» አለ። ለእናታችን ተረጐምንላት። «ታዲያ እንግዳ አይደለም ወይ?» አለች።

ደላላው ከሄደ በኋላ እርስ በርሳችን ተጣላን። ከመካከላችን አንዱ በጣም ተቆጣ። በጥር 2012 በኪርያት መላኺ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲጋለጥ ሰልፍ ከወጡት አንዱ እሱ ነበርና፣ «ያኔ ቤት አንሸጥላችሁም አሉን፤ አሁን ደግሞ ስንሸጥ ሐበሻ መሆናችን እንዳይታወቅ ልንደበቅ ነው?» አለ። ሌላዋ እህታችን ደግሞ ከሩሲያ የመጣች የሥራ ጓደኛዋ ቤቷን ስትሸጥ ምንጣፏን ከግድግዳ አውርጂ መባሏን ነገረችን፤ ደላሎች ይህን ለሁሉም ይላሉ፣ የእኛ ብቻ አይደለም አለች። ማን ልክ እንደ ነበረ ዛሬም አልተስማማንም። ምናልባት ሁለቱም እውነት ይሆናል። ብቻ ፎቶውን አወረድነው። እናታችን በነጠላዋ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። በግድግዳው ላይ ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ቀለም እስክንቀባ ድረስ ወደዚያ መመልከት ከብዶን ነበር።

ስለ ጽዳቱ ግን እናታችንን የሚያስተምራት አልነበረም። በአምቦበር ሳሉ ፋሲካ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ተጠርጎ፣ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ፣ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ በአዲስ ይተካ ነበር። «ቤት ለበዓልና ለእንግዳ ሲሰናዳ አውቃለሁ፤ ለገበያ ሲሰናዳ አሁን አየሁ። የአምቦበሩን ቤት እንኳ አልሸጥነውም፤ በሩን ገጥመን ወጣን» አለች። ሦስት ቀን አጸዳች። መስኮቶቹ ሲታጠቡ ሳሎኑ የሰፋ መሰለ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቅን፤ የሚንሲጠሲጠውን በር ዘይት ቀባን፤ በረንዳውን ከሞላው ዕቃ ነጻ አወጣን። ይህ ሁሉ የጠየቀው ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አልነበረም። አዲስ ኩሽና ግቡ ያለንን ሰው አልሰማነውም፤ ገዢው መጥቶ ያፈርሰዋል።

ዋናው ችግር የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ነበር። ከቁም ሣጥኑ በስተ ጀርባ በየክረምቱ እርጥበት ይወጣና ይሻግታል። ወንድማችን እርጥበት የሚሸፍን ቀለም ገዝቶ ሁለት ጊዜ ቀባው፤ ቁም ሣጥኑንም መልሰን አስጠጋን። እውነቱን ለመናገር ማናችንም አልከለከልነውም።

ገዢዎቹ አንድ ሕፃን ያላቸው ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። እናታችን ከታች አግዳሚ ወንበር ላይ እንድትጠብቅ ተስማምተን ነበር። እኛ ሳሎኑን እያሳየን ሳለን በሩ ተከፈተና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባች። «ብሩኺም ሃባኢም» አለቻቸውና ሕፃኑን ሳመችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፤ እነሱም ተከተሏት። እጇን ከቁም ሣጥኑ ኋላ አስገብታ ግድግዳውን መታ መታ አደረገችና ባላት ዕብራይስጥ «ካን ማይም። ሖሬፍ» አለች፤ እዚህ ውሃ አለ፣ በክረምት ማለቷ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠን በወደድን ነበር። ደላላው ኮርኒሱን አየ። በኋላ ለምን እንዲህ አደረግሽ ብንላት፣ «ሕፃኑን እዚያ ግድግዳ ሥር ሊያስተኙት አይደል?» ብላ መለሰችልን።

ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። ሳምንት ያህል ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ መሐንዲስ ይዘው መጡ፤ ውሃው የሚወርደው ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ መሆኑ ታወቀና ተጠገነ። ቤቱን ገዙት፣ ዋጋውን ግን አስቀነሱን። ወንድማችን የእናታችን አፍ ውድ ዋጋ አስከፈለን እያለ እስከ ዛሬ ይቀልዳል። ጠበቃችን ግን ታሪኩን ሲሰማ አልሳቀም። በ1973ቱ የውል ሕግ መሠረት ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት መናገር ሲገባው ደብቆ ከሸጠ እንደ ማታለል ይቆጠራል፤ የተታለለው ገዢ ውሉን ለማፍረስ ይችላል አለን።

እንግዲህ እናንተ ቤት ለማየት ስትሄዱ አዲስ የተቀባ አንድ ግድግዳ ካያችሁ ለምን እሱ ብቻ እንደ ተቀባ ጠይቁ። ቁም ሣጥን እንዲነሣላችሁ ብትጠይቁ ነውር አይደለም። ቧንቧውን ከፍታችሁ የውሃውን ኃይል እዩ፤ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በማታ ሂዱ፤ ደረጃው ላይ የምታገኙትን ጎረቤት አነጋግሩ። የቡና ሽታም ሆነ ነጭ ቀለም ልባችሁን አይስረቀው።

ወረቀቱ ከግድግዳው ይብሳል። ደላላ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት «ለማየት ብቻ ነው» ብሎ ወረቀት ያስፈርማል። በ1996ቱ የደላሎች ሕግ መሠረት ደላላ ክፍያውን መጠየቅ የሚችለው ፈቃድ ካለውና ደንበኛው በጽሑፍ ከፈረመለት ነው፤ ስለዚህ ያ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። የተለመደው ክፍያ ከዋጋው 2 በመቶና ማዓም ነው። ከዚህም ሌላ ዚክሮን ድቫሪም የሚባል አጭር ወረቀት አለ፤ ፍርድ ቤት እንደ ሙሉ ውል ሊቆጥረው ስለሚችል ያለ ጠበቃ አትፈርሙ። ጠበቃው ከታቡ መዝገብ ቤቱ የማን እንደ ሆነና ምን ዕዳ እንዳለበት የሚያሳየውን ጽሑፍ ያውጣላችሁ። በእናታችን ቤት እንኳ ማሽካንታው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ የባንኩ መያዣ ከመዝገቡ ሳይሰረዝ ቆይቶ ብዙ አመላልሶናል። ትልቅ ገንዘብ ከመክፈላችሁም በፊት በመዝገቡ ላይ በስማችሁ ሄዓራት አዝሃራ መጻፉን አረጋግጡ፤ ቤቱ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥባችሁ የሚጠብቃችሁ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቁልፉን ባስረከብንበት ቀን እናታችን መዙዛዎቹን በየመቃኑ ተወችላቸው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ በጠና ሰሞን ወጣቷ ደውላ ግድግዳው ደረቅ መሆኑን ነገረቻት። እናታችን ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ «አዬ፣ ልጁ መራመድ ጀመረ ወይ ብዬ ሳልጠይቃት!» ብላ ተቆጨችና መልሰን እንድንደውልላት አዘዘችን።